ለደላንታ ዋሻዎች መዝገብ ይከፈት

በ2000 ዓ.ም. ጥር ወር በዌልስ ታወር የተባለው የከሰል ድንጋይ ማውጫ ተዘጋ። በደቡብ ዌልስ ሸለቆዎች እስከዚያ ድረስ ሲሠሩ ከቆዩት ትልልቅ ጥልቅ ጉድጓዶች የመጨረሻው እርሱ ነበር። ከእርሱ ጋር ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የዘለቀ አንድ የኑሮ ዘይቤ አከተመ። በዚያው ዓመት ከበሽሎ ማዶ፣ በወገል ጤና አካባቢ ባሉ የደላንታ ገደሎች፣ የዓለም የጌጣጌጥ ገበያ እስከዚያ የማያውቀው ኦፓል መውጣት ጀመረ። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው የሀብትና የመንግሥት አቅም ልዩነት ሰፊ ነው፤ አይካድም። ቢሆንም የዌልስ ሸለቆዎች ሕዝብ ብዙ ሞትና ብዙ ጸጸት ከፍሎ የተማረው አንድ ነገር አለ፤ ያ ትምህርት ለደቡብ ወሎ የሚጠቅመው ዛሬ ነው፣ ሥራው ገና በሕይወት ሳለ። የማዕድን ማኅበረሰብ ትልቁ ቅርስ የሰዎቹ መዝገብ ነው፦ ማን ቆፈረ፣ ማን ሞተ፣ በምን ምክንያት ሞተ፣ ልጆቹን ማን አሳደገ፣ ሠራተኞቹ እርስ በርሳቸው በምን ተደጋገፉ። ይህ መዝገብ ቆፋሪዎቹ በሕይወት ሳሉ ካልተጀመረ በኋላ በገንዘብም በልመናም አይገኝም። ስለዚህ ለደላንታ ዋሻዎች መዝገብ ይከፈት እላለሁ፤ የሚከፈተውም አሁን ይሁን።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። ከአቀስታ ተነስቶ በተንታ በኩል ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው መቅደላን አልፎ፣ የበሽሎን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ የሚደርስበት ደጋ ደላንታ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ የናፒየር ጦር አፄ ቴዎድሮስን ሊገጥም የመጣው በዚሁ ደጋ አልፎ ነበር። ምድሩ ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ ደጋግሞ የተፋው አለትና አመድ አንዱ በሌላው ላይ የተነባበረበት ነው። ኦፓሉ በተራራው ሁሉ አይገኝም፤ በጠንካራ ንብርብሮች መሃል በተያዘ፣ በቀላሉ በሚፈረፈር አንድ ቀጭን ንብርብር ውስጥ ብቻ ነው ያለው። የሥራውንም የአደጋውንም መልክ የወሰነው ይህ ነው። ንብርብሩ ብቅ የሚለው በገደሉ ወገብ ላይ ስለሆነ ቆፋሪው በጠባብ መረገጫ ገደሉን ይወርድና ዶማ፣ መሮና መዶሻውን ይዞ ወደ ጎን ይገባል። ዋሻው ሲርቅ ቁመቱ ያጥራል፤ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ አንዳንዴም ተንበርክኮ ይሠራል። ብርሃኑ ባትሪ ነው። ጣሪያውን የሚሸከም እንጨት ብዙ ጊዜ የለም፤ መውጫውም የተገባበት አፍ ብቻ ነው። ድንጋዩ ሲገኝ ከላዩ ተራ ድቡልቡል ጓል ይመስላል፤ ሽፋኑ ሲሰበር ነው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እሳት ከውስጡ ብልጭ የሚለው። የወሎ ኦፓል ውኃ ውስጥ ሲነከር ውኃውን ይመጥና ቀለሙ ጠፍቶ እንደ መስታወት ይጠራል፣ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለስለታል። ከገደሉ አፍ በደላላና በነጋዴ እጅ አልፎ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ብዙው ህንድ፣ ጃይፑር ድረስ ሄዶ ነው የሚቆረጠው። ለንደን ወይም ኒው ዮርክ ቀለበት ላይ ሲውል የወሎ ስም አብሮት ይሄዳል። ያወጣው ሰው ስም ግን ከገደሉ አያልፍም።

የዌልስ ሸለቆዎችም ከሰል ሳይነካቸው በፊት በግ የሚረባባቸው፣ ሰው የሳሳባቸው ኮረብታዎች ነበሩ። (ከዚህ በኋላ የውጭ አገር ዓመቶችን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው፤ ዓ.ም. ያልኩበት ግን በእኛ አቆጣጠር ነው።) ሮንዳ የተባለው ሸለቆ አፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዘመን ነዋሪው ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ ነበር፤ በ1911 ከ150,000 በላይ ደረሰ። ምርቱ ጣሪያ በነካበት በ1913 የደቡብ ዌልስ ጉድጓዶች 57 ሚሊዮን ቶን ያህል ከሰል አወጡ፤ ከ230,000 በላይ ሰውም ኑሮው በዚያ ሥራ ነበር። ከሰሉ ጭሱ ትንሽ፣ ኃይሉ ብርቱ ስለነበር የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለመርከቦቹ ከሌላው ሁሉ አስበልጦ ይመርጠው ነበር። እንግሊዞች በ1839 ኤደንን ከያዙባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ለእንፋሎት መርከቦቻቸው ከሰል ማስቀመጫ ፍለጋ ነበር። ናፒየርን ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከዚያም ወደ መቅደላ ያደረሰው ይኸው የእንፋሎት ዘመን ነው። ወሎዬ ለዚህ ታሪክ ጨርሶ ባዕድ አይደለም።

ያ ብልጽግና ግን በሬሳ ተከፍሎበታል። ሴንገኒዝ በምትባል ትንሽ ከተማ ዩኒቨርሳል የተባለው ጉድጓድ በ1901 ፈንድቶ 81 ሰው ገደለ። ኦክቶበር 14 ቀን 1913 ማለዳ ያው ጉድጓድ ዳግመኛ ፈነዳ፤ 439 ሠራተኞችና አንድ የነፍስ አድን ሠራተኛ ሞቱ። በብሪታንያ የማዕድን ታሪክ ከዚያ የከፋ አደጋ የለም። ሕጉ አየር የሚነፋው ማራገቢያ የአየሩን አቅጣጫ መገልበጥ እንዲችል አስቀድሞ ያዝዝ ነበር፤ ጭሱ ወደ ሰዎቹ እንዳይነዳ ማለት ነው። የዚያ ጉድጓድ ማራገቢያ ይህን ማድረግ አይችልም ነበር። ክርክሩ ሲያልቅ ሥራ አስኪያጁ 24 ፓውንድ፣ ኩባንያው 10 ፓውንድ ተቀጣ። ለ440 ነፍስ። ይህን ግፍ ከመቶ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ላይ ተቀምጦ መናገር የተቻለው የሟቾቹ ስምና ዕድሜ፣ የመርማሪዎቹ ጥያቄና የምስክሮቹ ቃል፣ የቅጣቱም ልክ በወቅቱ ተጽፎ ስለቀረ ነው። አደጋው መቶ ዓመት በሞላበት ቀን በ2013 የዌልስ ብሔራዊ የማዕድን አደጋ መታሰቢያ እዚያው ሴንገኒዝ ውስጥ ተመረቀ። በግንቡ ላይ ለእያንዳንዱ ሟች አንድ የሸክላ ሰሌዳ አለው፤ ስሙ፣ ዕድሜውና ይኖርበት የነበረው ቤት ተጽፎበታል። ያን የሚያነብ ሰው ስንት አባትና ልጅ አብረው እንደሞቱ፣ ከአንድ መንገድ ስንት ቤት በአንድ ጠዋት ባዶ እንደቀረ ማንም ሳይነግረው ያያል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሳል፤ ከባድም ተቃውሞ ነው። የሞተው ሞቷል፣ በልግ ከድቶት ዋሻ የገባ ወጣት የሚያስፈልገው የራስ ቁርና የድጋፍ እንጨት ነው፣ እንጀራ ሳይኖር ስለ ቅርስ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ሰው አለ። የዚህ ሰው ጭንቀት የእኔም ነው። ነገር ግን ታሪኩ የሚያሳየው ጥንቃቄና መዝገብ አብረው እንደመጡ ነው። በብሪታንያ በ1850 የወጣው ሕግ የጉድጓድ ባለቤቶች የሞት አደጋን ለመንግሥት እንዲያሳውቁ አስገደደ፤ ተቆጣጣሪዎችም ተሾሙ። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ያለቀበት ፍንዳታ ሲሆን አገር ይሰማል፤ በየቀኑ አንድ አንድ ሰው በድንጋይ ናዳ ሲሞት ግን ቤተሰቡ ብቻ ያለቅሳል። ሲጻፍ ነው አንድ አንዱ ተደምሮ ከፍንዳታው የሚበልጥ መሆኑ የታወቀው። በ1862 በሰሜን እንግሊዝ ሃርትሊ በተባለ ጉድጓድ መውጫ አንድ ብቻ ስለነበረ፣ እርሱም በተሰበረ የማሽን ብረት ስለተዘጋ፣ 204 ወንዶችና ልጆች ከውስጥ አለቁ። በዚያው ዓመት እያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለት መውጫ እንዲኖረው ተደነገገ። ደንቡን የወለደው በዝርዝር የተመዘገበ ሞት ነው።

ወደ ቤታችን እንምጣ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በደላንታ ወረዳ በአንድ የኦፓል ማውጫ የዋሻው አፍ ተንዶ ወጣቶች ውስጥ ቀሩ። ቦታው ማሽን የሚደርስበት ስላልነበር ፍለጋው በወገን ጉልበት፣ በዶማና በአካፋ ነበር። በዚያ ሰሞን የወጡት ዘገባዎች በዋሻው ውስጥ በቀሩት ሰዎች ቁጥር እንኳ አይስማሙም ነበር። በዌልስ ጉድጓዶች እያንዳንዱ ሠራተኛ ቁጥሩ የተቀረጸበት ትንሽ የናስ ምልክት ነበረው፤ ሲወርድና ሲወጣ ምልክቱን መብራት ከሚሰጠው ክፍል ጋር ይለዋወጣል። አደጋ ሲደርስ ሰሌዳውን አይቶ ማን ከታች እንደቀረ ወዲያው ማወቅ ይቻላል። ለዚህ ሀብታም አገር መሆን አያስፈልግም። በየዋሻው አፍ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ፣ ጠዋት የገባውን ማታ የወጣውን የሚጽፍ አንድ ሰው ይበቃል። ያ ደብተር ዛሬ ነፍስ ማዳኛ ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ደግሞ ለታሪክ ጸሐፊ የደቡብ ወሎ ዋና ሰነድ ይሆናል። እንጀራን ከቅርስ የሚለየው ክርክር እዚህ ላይ ይፈርሳል፤ ወረቀቱ አንድ ነውና።

የተጻፈ ነገር የሞተውን ባይመልስም የቀረውን እንደሚያስከብር ከአበርፋን የበለጠ ማስረጃ የለም። ኦክቶበር 21 ቀን 1966 ከጉድጓድ እየወጣ በተራራው ላይ የተከመረ ጥራጊ በውኃ ላልቶ ወረደና ትምህርት ቤቱን ደፈነው፤ 116 ሕፃናትና 28 አዋቂዎች ሞቱ። ክምሩ ያሰጋናል የሚሉ ደብዳቤዎች ከሦስት ዓመት በፊት ተጽፈው ነበር። አጣሪው ጉባኤ ያን ሁሉ አገላብጦ ጥፋቱ የብሔራዊ የከሰል ቦርዱ እንደሆነ በግልጽ ፈረደ። መንግሥት ግን የቀሩትን ክምሮች ለማንሳት ለተጎጂዎች ከተዋጣው ገንዘብ ላይ 150,000 ፓውንድ አስከፈለ። ወላጆቹ አልረሱትም፣ ወረቀቱንም አልጣሉትም፤ በ1997 ገንዘቡ ተመለሰ። ሠላሳ ዓመት የፈጀ ሙግት ነው፤ ያለ ሰነድ ግን ሠላሳ ቀን አይቆምም ነበር። እኛም መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የቆሼ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ቀብሮብናል። የእነዚያ ሰዎች ስም፣ ዕድሜና መኖሪያ አንድ ላይ ተጽፎ ሕዝብ የሚያነብበት ግንብ ግን የለንም።

ከሞት መዝገብ ቀጥሎ የማስቀድመው የመረዳዳት ታሪክን ነው፤ በእኔ እምነት የዌልስ ሸለቆዎች ለዓለም ያበረከቱት ትልቁ ነገርም ይኸው ነው። ትሬዲጋር በምትባል ከተማ ሠራተኞች ከደመወዛቸው ከእያንዳንዱ ፓውንድ ጥቂት ሳንቲም እያዋጡ የሕክምና መረዳጃ ማኅበር አቆሙ። ማኅበሩ ሐኪም ይቀጥራል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ የታመመ አባልና ቤተሰቡ በነጻ ይታከማል። ከጊዜ በኋላ ከከተማዋ ነዋሪ እጅግ የሚበዛው በዚህ ታቀፈ። በዚያች ከተማ የተወለደውና በ13 ዓመቱ ጉድጓድ የገባው አናይረን ቤቫን የጤና ሚኒስትር ሲሆን ይህን የመንደር አሠራር ወደ አገር አሳደገው፤ የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሥራ የጀመረው ጁላይ 5 ቀን 1948 ነው። ታወርን ያነሳሁትም ያለ ነገር አይደለም። ድርጅቱ በ1994 አያዋጣም ተብሎ ሲዘጋ 239 ሠራተኞች እያንዳንዳቸው ከስንብት ክፍያቸው 8,000 ፓውንድ አዋጥተው ገዙትና በራሳቸው አስተዳደር ለ13 ዓመት አሠሩት። አያዋጣም የተባለው ጉድጓድ እስከ 2008 ድረስ ቤተሰብ አስተዳደረ።

ይህን የሚያነብ ወሎዬ ቅሬውን ማስታወሱ አይቀርም። ቅሬ ቀብር ያወጣል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናል፤ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም በአንድ መዝገብ የሚይዝባቸው መንደሮች በወሎ ብርቅ አይደሉም። የኦፓል ቆፋሪዎች ደግሞ በማኅበር እየተደራጁ ፈቃድ ሲያወጡ ቆይተዋል። ዋሻ የገባ ሰው ሲሞት ቅሬው ምን አደረገ፣ ማኅበሩስ ለሚስቱና ለልጆቹ ምን ሰጠ፣ ድንጋይ የወጣለት ላልወጣለት እንዴት ያካፍላል፣ የዋሻ ድርሻ ክርክር በሽማግሌ እንዴት ይፈታል? እነዚህ ልማዶች በአሥራ ጥቂት ዓመት ውስጥ ገበሬው ለአዲስ ሥራ የፈጠራቸው አዲስ ሕጎች ናቸው። የአንድ ሕዝብ ብልሃት ከዚህ በላይ ምን ያሳያል? ተጽፈው ቢጠኑ ደግሞ ከቅሬው ቀብር አልፎ ወደ ሕክምናና ወደ ጉዳት ካሳ የሚያድግ የቆፋሪዎች መረዳጃ ለማቆም መነሻ ይሆናሉ።

ዌልሶችም ቢሆኑ በጊዜ አልነቁም፤ የእነርሱ መዘግየት ለእኛ ማስጠንቀቂያ ነው። የማዕድን ሠራተኞቹ በየመንደሩ በራሳቸው መዋጮ አዳራሽና ቤተ መጻሕፍት አቁመው ነበር፤ ቀን ከሰል የቆፈረ ሰው ማታ ኢኮኖሚ፣ ፍልስፍናና ልብ ወለድ የሚያነብባቸው። ጉድጓዶቹ መዘጋት ሲጀምሩ መጻሕፍቱ ለአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ በርካሽ ተሸጡ፣ የማኅበራቱ ቃለ ጉባኤዎችም የትም ወደቁ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የስዋንዚ ተመራማሪዎች ተነስተው ከጥፋት የተረፈውን መጽሐፍና ሰነድ ሰበሰቡ፣ የሽማግሌዎቹን ቃልም በቴፕ ቀዱ። በ1973 የደቡብ ዌልስ የማዕድን ሠራተኞች ቤተ መጻሕፍት የተከፈተው በዚህ መንገድ ነው። ዛሬ የዚያን ሕዝብ ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ የሚቀዳው ከዚያ ነው። ሃያ ዓመት ቀድመው ቢጀምሩ ግን ስንት ነገር በዳነ! በእኛ አገር ከዚህ የከፋ ምሳሌ አለ። ክብረ መንግሥት ወርቅ የወለደው ከተማ ነው፤ የአዶላ ወርቅ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለአገሪቱ ግምጃ ቤት ገቢ ሲሆን ኖሯል። የወርቁ ኪሎ ተጽፏል። ወርቁን ያጠቡት ሰዎች ሕይወት ግን ከጥቂት ጥናቶች በቀር በቃል ቀርቶ ከባለቤቶቹ ጋር እየተቀበረ ነው። ደላንታ ሁለተኛ አዶላ ከመሆን የሚድንበት ጊዜ ገና አላለፈም፤ በ2000 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት ሆኖ የመጀመሪያውን ጓል የሰበረ ሰው ዛሬ ወደ አርባ ዓመት እየተጠጋ ነው፣ የመጀመሪያውን ናዳም፣ የመጀመሪያውን ነጋዴም ያስታውሳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከኩራት የሚመነጭ ነው። መቅደላና ሴባስቶፖል፣ ግሸን ማርያም፣ የወረሂመኖ ታሪክ ያለው ሕዝብ ትናንት የተቆፈረ ጉድጓድ ቅርስ ነው ብሎ ሲነሳ ራሱን ያሳንሳል ይባላል። መቅደላ የነገሥታት ታሪክ ነው፤ ያኮራናል። ነገር ግን የበሽሎን ገደል እየወጣ እየወረደ የኖረው ገበሬ በዚያ ታሪክ ውስጥ የሚታየው ስንቅ ተሸክሞ፣ መድፍ ጎትቶ፣ ወይም ቤቱ ተቃጥሎበት ነው፤ ስሙ የለም። ኦፓል ገበሬው ራሱ ዋና ተዋናይ የሆነበት ታሪክ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209ም ቅርስ የሚለው የሰውን ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት፣ የሚዳሰሰውንም የማይዳሰሰውንም ነው፤ ነገሥታት የሠሩትን ብቻ አላለም። ዕድሜም ቢሆን በራሱ ሚዛን አይሆንም። በብሌናቨን የሚገኘው ቢግ ፒት ጉድጓድ በ1980 ተዘግቶ በ1983 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ፤ ጎብኝዎችን ዘጠና ሜትር ወደታች ይዘው የሚወርዱት ራሳቸው የቀድሞ ሠራተኞቹ ነበሩ። አካባቢው በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ። ሥራውን የሚያውቁት እጆች ገና በሕይወት ስለነበሩ ነው ይህ የሆነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፤ ከቆፋሪዎቹ ከራሳቸው የሚነሳ ፍርሃት ስለሆነ። ብዙዎች የሚሠሩት ያለ ፈቃድ ወይም ፈቃዱ ከሚፈቅደው ወሰን ውጪ ነው። ስሜን ከጻፍክ ግብር ሰብሳቢ ይመጣብኛል፣ አደጋውን ከጻፍክ ዋሻው ይዘጋብኛል፣ የድንጋዩን መውጫ ከጻፍክ የማዶ ቀበሌ ድርሻ ይጠይቀኛል ማለታቸው የማይቀር ነው። ይህን ፍርሃት በስብሰባ ንግግር ማጥፋት አይቻልም። መልሱ ያለው በአሠራሩ ነው። የመታሰቢያው መዝገብ ከፈቃድና ከግብር ሰነድ ፈጽሞ ይለይ፤ ያዡም የወረዳው ማዕድን ጽሕፈት ቤት አይሁን። ቅሬው ይያዘው። ቅሬ የሟችን ስም መጻፍ የኖረበት ሥራው ነው፣ ቤተሰቡም ያምነዋል። አሟሟቱን በሁለት መስመር መጨመር ብቻ ነው አዲሱ ነገር። የቃል ታሪኩን የሚቀዳው አጥኚ ደግሞ ተናጋሪው ስሜ ይቅር ካለ ስሙን ይተውለት፣ የዋሻውን ቦታም አይግለጥ። ከሞት በስተቀር ሌላውን ሁሉ በጊዜ ገደብ ማሸግ ይቻላል፤ በሌሎች አገሮች ቤተ መዛግብት የታወቀ ልማድ ነው። እንዲህ ከተያዘ ቆፋሪው የሚያጣው ነገር የለም፤ የሚያገኘው ግን አለ። ዛሬ አንድ ሰው በዋሻ ሲሞት ሕገ ወጥ ነበር የሚለው አንድ ቃል ጉዳዩን ይዘጋዋል። ስሙ፣ ልጆቹ፣ የሞተበት ምክንያት ከሌሎች ሃምሳ ስሞች ጎን ተጽፎ ሲቀመጥ ያ ቃል መልስ መሆኑ ይቀራል።

ዌልስን እንደ ገነት እየሳልኩ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። ሙዚየም የዌልስን ሸለቆዎች ሀብታም አላደረጋቸውም። ጉድጓዶቹ ከተዘጉ ወዲህ ብዙዎቹ ሸለቆዎች በብሪታንያ ድህነትና ሥራ አጥነት ከሚበረታባቸው አካባቢዎች ተርታ ናቸው፤ ቲኬት መቁረጥ የደመወዝን ቦታ አልተካም። ስለዚህ ለደላንታ ቱሪስት ይመጣል፣ ዶላር ይፈስሳል የሚል ተስፋ አልሰጥም፤ ይህን ተስፋ የሚሰጥ ሰውም አይታመን። የኦፓሉን ዋጋ የሚያሳድገው እዚሁ መቁረጥና መወልወል፣ ደላላውን ማሳጠር፣ ዋሻውን ማጠናከር ነው። መዝገቡ የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፦ ድንጋዩ ሲያልቅ፣ ማለቁም አይቀርምና፣ ያ ሕዝብ ምን ሠርቶ ምን እንደከፈለ ለልጆቹ የሚያሳይበት፣ ድርሻውን የሚጠይቅበት ማስረጃ።

ሥራው የማን ነው ለሚለው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ያስተምራል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ አለ። በየዓመቱ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ይጽፋሉ፤ ከእነዚህ አሥሩ እንኳ አንድ አንድ የኦፓል ማኅበር ወስደው የመሥራቾቹን ቃል በስልካቸው ቢቀዱ በአምስት ዓመት ውስጥ ሃምሳ ማኅበር ይሸፈናል። ልዩ በጀት አይጠይቅም፤ አማካሪ መምህራን ርዕሱን ማጽደቅ ነው ያለባቸው። አቀስታና ተንታ ያደገ፣ ቋንቋውንና ለዛውን የሚያውቅ ተማሪ ከየትኛውም የውጭ ተመራማሪ የተሻለ ይቀዳል። አንድ ነገር ግን ከ2014 ዓ.ም. ጦርነት መማር ግድ ነው። በዚያ ጦርነት ወሎ ዩኒቨርሲቲም፣ ደሴ ሙዚየምም፣ ብዙ ጽሕፈት ቤቶችም ተዘርፈዋል። አንድ ቦታ የተቀመጠ መዝገብ ለአንድ መጥፎ ሳምንት ብቻ ነው የሚበቃው። ስለዚህ የቅሬው ደብተር በየዓመቱ ይገልበጥ፤ አንዱ ቅጂ በቅሬው ዳኛ ቤት፣ አንዱ በዩኒቨርሲቲው፣ አንዱ አዲስ አበባ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ዓምዶቹ ብዙ አይሁኑ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ የሞተበት ወይም የተጎዳበት ቀን፣ ምክንያቱ፣ ትቷቸው የሄዳቸው ልጆች ቁጥር፣ ቅሬውና ማኅበሩ ያደረጉት እርዳታ። የመጀመሪያው ገጽ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በየዋሻው የቀሩትን ከየቤተሰቡ እየጠየቁ ለመሙላት ክፍት ይተው።